የስድሳ አራት ጉልበት

ብዕሩን የያዘችው የእህትሽ ልጅ ሰብለ ናት፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ። ከተሳደብኩም ስድቡን እንዳለ ትጻፈው።

አስካልዬ፣ ከተለየሽኝ ስድስት ወር ሊሞላ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም እንዳለ ነው፤ አልጋው ላይ በአንቺ በኩል አልተኛበትም እንጂ ሌላው ሁሉ እንደተውሽው ነው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሁለተኛ የሐበሻ ሱቅ ተከፍቷል። በርበሬው ያንቺን አያህልም። ይኼንኑ ለባለሱቁ ፊት ለፊት ነግሬው ተቀያይመናል። እኔ አሁንም እዚያው የኮሌጁ ስታዲየም አጠገብ ባለው ማቆሚያ መኪና አስቆማለሁ።

ዛሬ የማስጽፍልሽ ግን ስለ ስለትሽ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ የተጣላነው በዚያ ልጅ ነበር። ሁለታችንም ፊደል አልቆጠርንም፤ አንቺ ግን ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋፉትን የኮሌጁን ተጫዋቾች ማልያ ስታጥቢ ቁጥር ለየሽ። ከሁሉም ማልያ አብዝቶ የሚቆሽሸው ስድሳ አራት ነው ትይኝ ነበር። ባለማልያው ልጅ «ማማ» እያለ ይጠራሽ ነበር። አምና ጉልበቱ ተጎድቶ በክራንች ሲሄድ አየሽና «ዳግመኛ ቆሞ የዓመቱን ጨዋታ ከጨረሰልኝ፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል ጥላ አስገባለሁ» ብለሽ ተሳልሽ። እኔ ሳቅሁብሽ። «ኳስ እንኳ ለማይነካ በሬ ነው ስለቱ? የኔ ጉልበት ሲቆረጥም መች ተሳልሽ?» አልኩሽ። «ያንተማ ከመቀመጥ ብዛት ነው» አልሽኝ። ሦስት ቀን ተኳረፍን። ከዚያ በሽታው መጣ፣ በሐምሌ ሄድሽ፣ ያ ነገር ሳይነሣ ቀረ።

የጥላውን ቀይ ከፋይ ሻንጣሽ ውስጥ ግማሹ ተሰፍቶ አገኘሁት። የሟች ስለት በቋሚ አንገት ላይ ነው። ስለዚህ ሳልወድ በግዴ የዓመቱን ጨዋታ መከታተል ያዝኩ።

ከስታዲየሙ ውጪ ቆሜ የሚሰማኝ ጩኸቱ ብቻ ነው። ሰዉ ሲወጣ ጡሩምባ እየነፋ ከሄደ አሸንፈዋል፤ የመኪናውን በር ድው አድርጎ ከዘጋ ተሸንፈዋል። አንቺ ግን የተሳልሽው ለማሸነፍ አይደለም። ልጁ መቆሙን በምን ልወቅ? ሰኞ ሰኞ በአውቶቡስ ወደ ልብስ ማጠቢያው እየሄድኩ ሉፔን፣ አብራሽ ትሠራ የነበረችውን ሜክሲኮዋን፣ ማየት ጀመርኩ። እኔ እንግሊዝኛ የለኝ፣ እሷ አማርኛ የላት። ገና በር ላይ ስታየኝ ስድሳ አራትን ከክምሩ መዝዛ ታነሣልኛለች። ጭቃ ካለበት ተጫውቷል ማለት ነው። አማትቤ እመለሳለሁ።

በኋላ ሰብለ የአገራችን ልጆች ባለታክሲዎቹ የሚሰበሰቡበት ምግብ ቤት ወስዳ በቴሌቪዥን አሳየችኝ። አስካል፣ አንቺ ትክክል ነበርሽ። ይኼን የምለው አንዴ ብቻ ነው። ያ ልጅ ግንብ የሚያህል ሰው ሲመጣበት በደረቱ ይዞ ያቆማል፤ ኳስ የያዘው ጓደኛው በጎኑ ያልፋል። ጭብጨባው ላለፈው ነው። ስድሳ አራት ከሥር ተነሥቶ ሣሩን ከአፉ ይተፋና ተመልሶ ይሰለፋል። መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ሲሸነፉ ባለታክሲዎቹ «ዘንድሮስ አበቃላቸው» ብለው ሲያላግጡ ነበር። እነሱ ግን እየተነሡ፣ እየተነሡ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ማንም አልረታቸውም። በሬ ያልኩትን አልመልስም፤ በሬ ነው። ጥፋቴ መናቄ ነው። አገር ቤት ሳርስ በሬዬን ማን ይነካብኝ ነበር?

በኅዳር መጨረሻ ስታዲየሙ ባዶ ሆነ፣ አለቃዬም ጨዋታ የለም አለኝ። ስለቱ ደረሰ አልኩ። ሉፔ ጥላውን በስፌት መኪናዋ ጨረሰችልኝ። ዘርፉን የሰፋችው የማልያ ቁጥር በምትሰፋበት በወርቃማው ክር ነው። ገብርኤል ይቅር ይበለን፤ አምሮበታል። በበዓሉ ቀን ለቤተ ክርስቲያን ወደምንከራየው አዳራሽ ይዤ ገባሁ። ቄሱ «የምን ስለት ነው?» አሉኝ። «የጉልበት» አልኳቸው። የኔ መሰላቸውና ጎንበስ ብለው ጉልበቴን በመስቀል ዳበሱት። በሕዝብ ፊት ምን ብዬ ላስረዳ? መስቀሉን ተሳለምኩ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ሰብለ «ጋሼ፣ ሲዝኑ መች አለቀ? አንድ ጌም ይቀራል እኮ፣ ፓሳዴና ከተማ፣ በፈረንጅ አዲስ ዓመት» አለችኝ። አንቱ ማለት ከተወች ቆይታለች፤ ያን ቀን ግን አልተቆጣኋትም። ስለቱን ሳይደርስ አስገብቻለሁ። ምርቃቱን ደግሞ የኔ ጉልበት ወስዶታል። ደረጃ ስወጣ አልቆረጠመኝም፣ አስካል። ያ ነው ያስፈራኝ።

የጨዋታው ቀን ምግብ ቤቱ ሞልቷል። ሊያልቅ ሲል ስድሳ አራት ወደቀ፣ ሦስት ሰው በላዩ ላይ ወደቀበት። ሌሎቹ ተነሡ፣ እሱ ተኝቶ ቀረ። እኔ ግን ቆሜ ነበር፣ የማያመኝን ጉልበቴን ይዤ። «የሱን መልስለት፣ የኔን ውሰድ» አልኩ፣ ባለታክሲዎቹ እየሰሙኝ። ልጁ በአንድ እጁ ተደገፈ። ተንበረከከ። ተነሣ። ሣሩን ተፋ፣ ተሰለፈም። ቡድኑ ተሸነፈ፤ አልዋሽሽም። ልጁ ግን ቆሞ ጨርሷል።

በማግስቱ ከሰብለ ጋር ወደ ሉፔ ሄድን። ልጁ የመጨረሻ ማልያውን ይዞ መጣና ያንቺን ማሽን እያየ «ማማ?» አለ። ሰብለ ነገረችው። ቆቡን አወለቀ። እኔ በዕድሜዬ ለጭቃ ሹምም ለአለቃም ያላጎነበስኩ ሰውዬ፣ ሲሚንቶው ላይ ወርጄ ጉልበቱን ሳምኩ። የታመመው የትኛው እንደሆነ ስላላወቅሁ ሁለቱንም ሳምኩ። ልጁ ደንግጦ በብብቴ ገብቶ እንደ ላባ አነሣኝ። ስነሣ ጉልበቴ ቀጭ አለ። ደስ አለኝ።

ከእንግዲህ እሱ ኮሌጁን ጨርሶ ይሄዳል አሉኝ። እኔ ግን ከርሞም መኪና ሳስቆም ጩኸቱ በተሰማ ቁጥር ከሥር ያለው ማነው እያልኩ አነሣሻለሁ። በሕይወት እስካለሁ ጥላሽን በየዓመቱ በታኅሣሥ ገብርኤል እኔ እይዘዋለሁ፣ ለማንም አልሰጥም።

በይ ሰብለ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ጉልበቱን የሳምኩበት ጋ ስትደርሺ ጮክ በይ፤ ያ ማጠቢያ ማሽን የአክስትሽን ጆሮ ጎድቶት ነበር።