ባለ ወፍጮው ዮናስ እንዲቀርብ

ሰኔ 4 ቀን 1975፣ ቅዳሜ

የሚስተር ኩርያን ኮንትራት አልታደሰም።

ሙዝ እየጠበሰ ነው የነገረን። ዘጠኝ ዓመት ጂንካ ላይ ሒሳብ ያስተማረ ሰው፣ "ሰኔ 13፣ በሰኞው አውሮፕላን እሄዳለሁ" አለና ሙዙን ገለበጠ። እንደ አገሩ፣ እንደ ህንዶቹ፣ ስስ አድርጎ ቆርጦ ጨው ይነሰንስበታል። ዶክተር ሊዲያ መብላቷን አቆመች። እሷ መብላት ካቆመች ነገሩ ከባድ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት እኔ በምሠራበት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንገናኛለን። አራት ነን። ሚስተር ኩርያን፣ የጤና ጣቢያዋ ኩባዊት ሐኪም ሊዲያ፣ ቱርሚ ክሊኒክ ያለችው ኖርዌያዊት ነርስ ሲስተር ኢንግሪድ፣ እኔ። ከአገራቸው የራቁት እነሱ ናቸው። እኔ የደሴ ሰው ነኝ። ሊዲያ ግን "አንተም ፈረንጅ ነህ" ትለኛለች። አማርኛዋን ከበሽተኛ ስለተማረችው ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የምትለው፤ ግማሹ ደግሞ ትእዛዝ ነው። ተኛ፣ ተንፍስ፣ አፍ ክፈት።

አሁን የምናነበው አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መጽሐፍ ነው፣ ልባሱ የተገነጠለ አሮጌ ልብ ወለድ። በምላጭ አራት ቦታ ከፈልኩት። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጽሐፍ ስትቆርጥ መታየት ስለሌለባት በሩን ቆልፌ ነበር። ሩቡን ያነበበ ለሌሎቹ ይተርካል። ቀድሞ ማየት ክልክል ነው።

ዛሬ ሦስተኛው ሩብ፣ የእኔ ተራ። ዮናስ የሚባል ባለ ወፍጮ አለ። ደሴት ላይ ነው፤ ድርቅ ገብቷል። ከወፍጮው ወለል ሥር አርባ ኩንታል እህል ተገኘበት። የተራበው ሰው ቤቱን ከቧል። የእኔ ሩብ የሚያልቀው ዮናስ የበሩን መወርወሪያ ሲይዝ ነው።

"ንገር" አለች ሊዲያ።

"ቀሪው ኢንግሪድ ጋ ነው።"

ኢንግሪድ ዛሬ አልመጣችም። የመጨረሻው ሩብ ቱርሚ ነው ያለው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሽኝት እንዲሆን ተስማማን። መምህራኑ፣ የቀድሞ ተማሪዎቹ፣ ሠላሳ ሰው ያህል። ኢንግሪድም መጨረሻውን ይዛ ትመጣለች። ለአራት ሰው የቀበሌው የቆየ ፈቃድ ይበቃል። ለሠላሳ ሰው ማኅተም ያስፈልጋል።

ሰኔ 5፣ እሑድ

ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። የተፈቀደልን "የውጭ አገር ዜጎች የወዳጅነት ስብሰባ" በሚል ነው። ግዴታው በየሳምንቱ አንድ ገጽ ለቀበሌ ማስገባት። ጸሐፊው ሳያነብ ፋይል ውስጥ ይከተዋል፤ ስለዚህ ለአጻጻፉ አልጨነቅም። የዛሬው እንዲህ ይላል፦

"አጀንዳ አንድ። የባለ ወፍጮው ዮናስ ጉዳይ። ዮናስ በድርቁ ወቅት አርባ ኩንታል እህል በወፍጮ ቤቱ ወለል ሥር ደብቆ መገኘቱን ጓድ አስቴር አብራርተዋል። ቀሪው ጉዳይ በሲስተር ኢንግሪድ በኩል እንዲቀርብ ተወስኗል። አጀንዳ ሁለት። ለሚስተር ኩርያን ሰኔ 11 የሽኝት ዝግጅት እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ።"

አጭር ነው። ወደድኩት።

ለኢንግሪድ መልእክት በጭነት መኪና ሹፌር ላክሁ። ሻይ ቅጠል አለ። ስኳር የለም። ወንበር ከሰባተኛ ክፍል።

ሰኔ 6፣ ሰኞ

ጸሐፊው ለሥልጠና አርባ ምንጭ ሄዷል። ወረቀቱን የተቀበለኝ ራሱ ሊቀ መንበሩ ነው፣ ጓድ ማቴዎስ። አናጺ ነው፣ የአሪ ሰው፤ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉን ያዋስኩት እኔ ነኝ። የሚያነበው መመሪያ፣ ሰርኩላርና ማመልከቻ ነው፤ ያነበበውን አይረሳም።

"እስኪ ላንብበው" አለ።

"አጭር ነው፣ አሁን ይፈርሙልኝ።"

"የሰው ጽሑፍ በችኮላ አይነበብም ጓድ አስቴር። ነገ ተመለሺ።"

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ገና ዛሬ የሚያነበው ሰው አገኘሁ።

ሚስተር ኩርያን ክሊራንሱን ጀምሯል። ከትምህርት ቤቱ ተፈርሞለታል። የቀረው የቀበሌ ነው። ያለ እሱ አውሮፕላኑ ላይ አያሳፍሩትም።

ሰኔ 7፣ ማክሰኞ

በቆሎ ለማስፈጨት ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሞተሩ ቆሟል። ባለ ወፍጮው ሸምሱ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላው የወለሉ ሳንቃ ሁሉ ተነቅሎ ተከምሯል።

"ምን ሆነህ ነው ሸምሱ?"

"እኔ አልሆንኩም እትዬ አስቴር፣ ወለሉ ነው የሆነው። አብዮት ጥበቃዎቹ በሌሊት ልብሴ ቀሰቀሱኝ። ዮናስ የሚባል ሠራተኛ አለህ ወይ? የለኝም። ዮናስ የሚባል ሸሪክ? የለኝም። አርባ ኩንታሉ የት ነው? የምን አርባ ኩንታል? ቆፈሩ። ምን እንዳገኙ ታውቂያለሽ?"

"ምን አገኙ?"

"አይጥ። አራት። ጥሬም አልያዙ።"

ሊያስፈጭ የመጣው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በቆሎዬን ተሸክሜ ቆሜ የቃለ ጉባኤዬን አጀንዳ አንድ በቃሌ ደገምኩት። ልብ ወለድ የሚል ቃል የለበትም። መጽሐፍ የሚልም የለበትም።

የታችኛው ወፍጮም ተቆፍሯል አሉ።

ሰኔ 8፣ ረቡዕ

መጥሪያ መጣ፣ ማኅተም ያለበት። "ባለ ወፍጮው ዮናስ ነገ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት እንዲቀርብ። ያለበትን የምታውቁ የወዳጅነት ስብሰባው አባላት ይዛችሁት እንድትቀርቡ።"

ለሚስተር ኩርያን አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበና መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

"ማዳም አስቴር፣ ይህ ሰው ካልቀረበ እኔ እሄዳለሁ?"

ፍየልን እንኳን እርስዎ የሚል ሰው ነው፤ ጠብ አያውቅም። ሻንጣውን ትናንት አስሯል። እናቱ ጋ ቴሌግራም ሄዷል።

ሊዲያ ሰምታ ተኮሳተረች። ከዚያ አንድ ጉበቱ ያበጠ በሽተኛ እንዳላት፣ ዮናስ ነኝ ቢል እንደማይከፋው ነገረችን። ከሁለት ቀን ወዲህ የሳቅነው ያኔ ነው።

የፈራሁትን ልጻፍ። ውሸት ጽፋችኋል ይል ይሆናል። ነጋዴ ፊት አዋረዳችሁኝ ይል ይሆናል። ስብሰባው ይዘጋል። ክሊራንሱ አይፈረምም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የማንም አይደለም። ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ።

ሰኔ 9፣ ሐሙስ

ሦስቱን ሩቦች በፎጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ባለ ጉዳዮች ተሰልፈዋል፤ ገሚሱ የስኳር ካርድ፣ ገሚሱ የፍየል ክስ።

"ዮናስስ?" አለ ጓድ ማቴዎስ።

"የለም።"

"ሸሸ?"

"አልተወለደም።"

ብዕሩን አስቀመጠ። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ዮናስን አንድ ሰው ከሐሳቡ አውጥቶ እንደጻፈው ነገርኩት። ወፍጮውንም። ድርቁንም። ያንን ሳልገልጽ በቃለ ጉባኤ ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። ገጾቹን አገላበጠ።

"ተሰብስባችሁ የምትነጋገሩት ስለሌለ ሰው ነው?"

"አዎ።"

"በየሳምንቱ?"

"በየሳምንቱ።"

"የሸምሱን ወለል አስነቅያለሁ እኮ።"

"አውቃለሁ።"

ተነሳ፤ በሩን ሊዘጋ ነው ብዬ ነበር። ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጠኝ። ሲመለስ ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ ሳንቃ ለክቶ ያልገጠመለት አናጺ ፊት ነበር።

"ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አለ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተረክሁ። በሩ ክፍት ነው። ባለ ጉዳዮቹ መጀመሪያ አንገታቸውን አስገቡ፣ ቀጥሎ እግራቸውን፣ በመጨረሻ ገብተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ዮናስ መወርወሪያውን ሲይዝ አቆምኩ።

"ከዚያስ?"

"አላውቅም። ቀሪው ቱርሚ ነው።"

ማንም አላመነኝም። የስኳር ካርድ ፈላጊዋ ሴት፣ "ደብቃን ነው" አለች። ለፍየል ክስ የመጡ አንድ ሽማግሌ ግን ስለ እኔ ግድ አልነበራቸውም።

"ያ እህል ዘር ነው" አሉ። "ዘር የሚበላ ገበሬ የለም። ዝናብ ሲመጣ ሊያከፋፍል ነው ያስቀመጠው።"

"አርባ ኩንታል ዘር?" አለ ከሳሻቸው። "አገሩን በሙሉ ሊዘራ ነው?"

"አንተ ፍየል እንጂ ዘር ምን ታውቃለህ?"

"ፍየሌን የበላ ሰው ስለ እህል ይመሰክርልኝ እንዴ?"

ጓድ ማቴዎስ ጠረጴዛውን መታ። ፈቃዱን እንደማይከለክል፣ ግን አሁን እንደማይፈርም ተናገረ። ቅዳሜ ራሱ ማኅተሙን ይዞ ይመጣል። ክሊራንሱንም እዚያው ያያል። "መጨረሻውን ይዛችሁ ጠብቁኝ።"

"ካልደረሰስ?"

"ወፍጮ ያስቆፈረኝ ሰው ጥፋተኛ ይሁን አይሁን ሳላውቅ የምፈርመው ወረቀት የለኝም።"

ዛሬ የቀይ አፈር ገበያ ነው፤ ከቱርሚ መስመር የሚመጣ ጭነት መኪና አይጠፋም። እስከ ማታ ጠበቅሁ። ሁለት መጣ። ኢንግሪድ የለችበትም።

ሰኔ 10፣ ዓርብ

በቱርሚ መንገድ ወንዝ ሞልቷል አለ ሹፌሩ። መኪናዎች ወዲያ ማዶ ቆመዋል።

ሊዲያ መጨረሻውን እኛው እንፍጠረው አለች። እሷ ያለችው ዮናስ በሩን ከፍቶ ዳቦ ያድላል፣ ከዚያ ይጨፈራል። ሚስተር ኩርያን እንቢ አለ። "ያልሠራሁትን መልስ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አላውቅም።" ሻንጣው ታስሮ እንኳን እንዲህ ይላል። ተናደድኩበት፣ ደግሞም ደስ አለኝ።

በቆሎዬን ይዤ ሸምሱ ዘንድ ተመለስኩ። ሞተሩ ይሠራል። ጓድ ማቴዎስ ኮቱን ሚስማር ላይ ሰቅሎ፣ ተንበርክኮ ሳንቃ ይመታል። ወረፋ የያዙት ሴቶች ዱቄታቸውን በላዩ ላይ አሻግረው ይቀበላሉ፤ ቀና አይልም።

"የበፊቱ ወለል ይንቋቋ ነበር" አለኝ ሸምሱ በጆሮዬ። "አሁን ዝም አለ። ዮናስ ሌላኛው ክፍል ውስጥም እህል ደብቋል ብለሽ ጻፊልኝ፣ እሱም ወለሉ አርጅቷል።"

ዝናብ ጣለ። ልክ ዛሬ።

ሰኔ 11፣ ቅዳሜ

በቤተ መጻሕፍቱ የመጽሐፍ ማከማቻ ክፍል ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ቃለ ጉባኤ እንድጽፍ ታዝዤ ነው የገባሁት።

ሠላሳ ሰው ብለን ነበር። መቁጠር ያቆምኩት ስልሳ ላይ ነው። የሐሙስ ባለ ጉዳዮች በሙሉ መጥተዋል፤ ሽማግሌውና ከሳሻቸው ጎን ለጎን ተቀምጠው። ሸምሱ ስኳር ይዞ መጣ፤ ከየት እንዳመጣው ሊቀ መንበሩ አልጠየቀም። ሚስተር ኩርያን ከጠዋት ጀምሮ ሙዝ ሲጠብስ ውሏል። የቀድሞ ተማሪዎቹ፣ ገሚሶቹ ራሳቸው መምህራን ሆነዋል፣ ትሪውን እየነጠቁት ያዞራሉ።

ጓድ ማቴዎስ በዘጠኝ ሰዓት ገባ። ማኅተሙ በመሐረብ ተጠቅልሎ ኮት ኪሱ ውስጥ ነው። ክሊራንሱን ፊቱ አስቀመጥኩለት። መጨረሻው እንዳልደረሰ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ግን ማኅተሙን አላወጣም።

ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። ሊዲያ "ዮናስ ጥሩ፣ ሕዝብ ተርቧል፣ በር ክፈት" አለች። አንድ መምህር መሰቀል አለበት አለ። ሸምሱ ለሰው የነጋዴ እህል ሁሉ የተደበቀ እንደሚመስለው ተናገረ፤ ተጨበጨበለት፣ ተጮኸበትም። ጂንካ ውስጥ ሰው እንዲህ በግልጽ ሲከራከር ካየሁ ቆይቷል። የሌለ ሰው ስለሆነ ማንም አይፈራም።

ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ። ስለ ዘሩ ሊደግሙልን ነው ብዬ ነበር።

"ማቴዎስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዮናስ ይሰቀል፣ ዮናስ ይፈታ። ይሄ ህንዱ ምን አድርጓል?"

ሰው ሁሉ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ።

"ምንም" አለ ጓድ ማቴዎስ።

"ልጅህን ቁጥር ያስተማረልህ ማነው?"

"እሱ ነው።"

"ታዲያ ወረቀቱ ምን ያስቀምጠዋል?"

ጓድ ማቴዎስ መሐረቡን ፈታ። ማኅተሙን በአፉ እፍ አለበት፣ ቀለሙ ላይ ጫነው፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ፈቃዱንም ክሊራንሱንም። ሚስተር ኩርያን ለማመስገን ተነሳና የሙዝ ትሪውን ሰጠው፤ ሌላ በእጁ የያዘው ነገር አልነበረም።

ኢንግሪድ የገባችው ያኔ ነው። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነች። ወንዙን በእግሯ ተሻግራ ከወዲህ በሌላ መኪና መጥታለች። የመጨረሻው ሩብ በመርፌ ካርቶን ውስጥ፣ ደረቅ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ። ሊዲያ "ተቀመጥ፣ ጠጣ፣ ተንፍስ" እያለች ሻይ ትሰጣታለች።

"እስክታርፍ ድረስ አንቺ ቃለ ጉባኤውን ጀምሪ" አለኝ ጓድ ማቴዎስ። "ዛሬውኑ ፋይል ይገባል። ደግሞ ልብ ወለድ መሆኑን ከላይ ጻፊበት። በትልቁ።"

ገባሁ። ከላይ በትልቁ ጻፍኩ። የተገኙ አባላት ብዬ ቁጥር ላይ ደረስኩ፤ ቁጥሩን አላውቀውም። ይህን ማስታወሻ አወጣሁ።

ከውጭ ወንበር እየተሳበ ነው። ኢንግሪድ ጉሮሮዋን ጠረገች። አንድ ሰው ዝም በሉ እያለ ነው፣ የሸምሱ ድምፅ ይመስለኛል።

ጀመረች። "ዮናስ መወርወሪያውን..."

ቃለ ጉባኤው ይቆይ። ሄድኩ።