ኩራዙ ያልጠፋበት ጉድጓድ

ይድረስ ለክቡር አቶ አድማሴ፣ የከብት መኖ ማሳያ ጣቢያ ኃላፊ
ዳንግላ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን፣ በተለይም የሳንባዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ። ከእርስዎ ጋር አንድ ወንበር ላይ ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እተነፍሳለሁ። ሠራተኛዎ አበረ ግን ከተቀበረ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

1ኛ. እርጥብ በቆሎ ከነአገዳው ለከብት መኖ በጉድጓድ ሲታመቅ በውስጡ ያለው ናይትሮጂን ከኦክሲጂን ጋር ተዋሕዶ እንደ ዝገት የቀላ ጋዝ እንደሚወጣው፣ ከአየር ስለሚከብድም ጉድጓዱ ውስጥ እንደሚተኛ፣ ሳንባ ሲገባ አሲድ እንደሚሆን በነሐሴ በሁለት ገጽ ጽፌ በእጅዎ ሰጥቻለሁ። በገበያ ቀን በአማርኛም በአገውኛም አስነግራለሁ ብለው ቃል ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ የቢሮዎን የመስኮት ስንጥቅ ደፍኖ ስላየሁት፣ እርስዎን እንኳ ከንፋስ በማዳኑ ደስ ብሎኛል።

2ኛ. የአገራችን ገበሬ የእህል ጉድጓድ ሲከፍት አስቀድሞ ኩራዝ በገመድ ያወርዳል፤ ከጠፋ አይገባም፣ ከነደደ ይገባል። ይህ ልማድ ብዙ ሰው አድኗል። ይህኛው ጋዝ ግን ሲሳሳ ቀለሙ ሳይታይ፣ ኩራዙንም ሳያጠፋ ሰውን ስለሚገድል፣ ይህንኑ በቀይ ቀለም አስምሬበት ነበር። እርስዎ ግን ለሠራተኞቹ እንደ አባቶቻችሁ ኩራዝ አውርዱ፣ ይበቃል አሏቸው። አበረ የሰመጠውን በቆሎ ሊረግጥ ኩራዙን አወረደ፤ ነደደለት። «ይሄስ ከእኛ ቤት ይሞቃል» ብሎ ጓደኞቹን አስቆ፣ አማትቦ ገባ። እየሳለ ወጣ፣ በእግሩ ቤቱ ደረሰ፣ በማግስቱ አረፋ ደፍቆ ሞተ።

3ኛ. በሪፖርትዎ በቤቱ ሳለ ብርድ መትቶት ሞተ ብለው ስለጻፉ፣ ሚስቱ የሻረግ ለባሏ ጋቢ የነፈገች ሴት ተብላ በለቅሶው ላይ ተወርቶባታል። በስሟ አመሰግናለሁ።

ሳያውቁ ያጠፉ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የዚህን ጋዝ ቀመር ለፈተና ያስጠኑኝ ግን እርስዎ ነዎት። አሁን የምለምንዎ ሪፖርቱን እንዲያርሙና ጉድጓዱን በአጥር እንዲያስከልሉ ብቻ ነው።

ቃልዎን አምኖ ሁለት ወር ዝም በማለቱ ከአበረ ሞት ድርሻውን የማይክድ፣ የቀድሞ ወዳጅዎ

መምህር በዛብህ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሁለተኛው ጉድጓድ ሰኞ እንደሚረገጥ፣ ለዚሁም የአበረ ወንድም ምህረቴ እንደታዘዘ ሰምቻለሁ። የአበረን ኩራዝ ላምባ ሞልቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። እንደማይጠፋ አረጋግጥልዎታለሁና፣ ቀድመው እርስዎ ይውረዱ።