ሱፍ የለበሰው አባትሽ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? እኛ ናፍቆትሽ ሲቀር ደህና ነን፤ የስፌት መኪናዬም ከነማንኮራፋቷ ደህና ናት።

ለአባትሽ የላክሽው ሹራብ ደርሶናል። ሱፍ መሆኑን ሳይ ግን ሳቄ መጣ። አባትሽን ረሳሽው እንዴ? ስፌቱ ገላውን እንዳይነካው ሸሚዙን ሁሉ እየገለበጥኩ፣ አንገትጌው ላይ የተሰፋችውን የፋብሪካ ምልክት እየተረተርኩ እኮ ነው ያኖርኩት። በሠርጋችን ቀን እንኳ ኮቱ በላኝ ብሎ በሸሚዝ ነው ያገባኝ!

ለጎረቤት ልሰጠው ስል እሱ ብድግ አድርጎ ለበሰው፤ ያውም በባዶ ገላው። «አይኮሰኩስህም?» ብለው «ምኑ?» አለኝ። የልጄ ስጦታ ነው ብሎ ችሎት ይሆናል ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

እጅጌው ስለረዘመበት ላሳጥርለት በስፒል ያዝ አድርጌው ነበር። ደንበኛ መጣብኝና ስፒሉን ረሳሁት። አመሻሽ ላይ ሲያወልቅ ሳየው አንጓውን ቧጥሮት ደሙ ደርቋል። «ምነው፣ ሲወጋህ አልተሰማህም?» ብለው እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጦ አየና «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለኝ። ደክሞት ነው መሰለኝ።

አንቺ ሥራሽን ያዢ፤ ለመምጣት አትጣደፊ። እኔም ሹራቡን አጥቤ ቁም ሳጥኑ ጥግ ከትቼዋለሁ። ደጉን ሁሉ ያሰማን፣ በሄድሽበት ይቅናሽ።

ብቻ ስትደውዪ ስለ ሹራቡ ጠይቂው። «ምን ዓይነት ጨርቅ ነው የላክሽብኝ፣ ቆዳዬን ጨረሰው!» ብሎ ከተቆጣሽ ሳትውዪ ሳታድሪ አብስሪኝ።

እናትሽ