የአማትህ አጥር

ጅጋ፣ ጥር 27 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለወንዳወቅ ታከለ
ፈረስ ቤት

እንደምን ሰነበትክ፣ አካሌ? ሚስትህ ያምሮት፣ አዲሱ ክርስቲያን ልጃችሁ፣ አማትህ እጅጉም ሳይቀር እንደምን አሉ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ምን እንሆናለን። እናትህ ደኅና ናት፤ እኔን ጉልበቴን እንደ ልማዱ ያመኛል። በስልክ እንዳልነግርህ ቁጣዬ ከቃሌ ይቀድማል፤ አንተም ትዘጋብኛለህ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ነገሩ የአጥር ነገር ነው። አትሳቅ።

የልጅህ ክርስትና ዕለት እዚያ እጅጉ ግቢ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ልጁን አይደለም፣ አጥሩን ነው። ማገሩ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ፣ አንድ ቦታ እንኳ ያልጎበጠ። እጅጉ ደግሞ ጠላውን እንደያዘ እንግዳውን ሁሉ እየዞረ ያሳያል። «ልጄ ነው የሠራው» ይላል። ልጄ! ኧረ እሱ የት ወለደህ? አምጣ የወለደችህ አቻምየለሽ፣ አዝሎ ያሳደገህ ታከለ! ምን እደብቅሃለሁ፣ ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ጎረምሳ ቀናሁ። ዶሮው አልዋጥልህ አለኝ።

ሰው ሁሉ ዳስ ሲገባ ቀስ ብዬ ዞርኩና ማገሩ ላይ ወጣሁ። አዎ፣ ወጣሁ! ከነጋቢዬ ተቀምጬ ወዘወዝኩት፤ ትንሽ ጎበጥ ቢልልኝ ብዬ። ንቅንቅ አላለም። ያምሮት ከኋላዬ መጥታ «አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?» ብትለኝ «በቅሎዬን እየፈለግሁ ነው» አልኳት። በመኪና መምጣቴን ታውቃለች። አንገቷን ደፍታ ሄደች፤ ጨዋ ልጅ ናት።

ከዚያ እንደ ሌባ አጎንብሼ መረመርኩት። ቋሚዎቹን አቀራርበሃቸዋል፤ በመካከላቸው አምስት ክንድ እንኳ አይሞላም። ቋሚውን ጠርበህ ለማገሩ መቀመጫ አበጅተህለታል፤ ሸክሙ ምስማሩ ላይ ሳይሆን እንጨቱ ላይ ያርፋል። ባሕር ዛፉ ደርቆ ነው የገባው። ጎባጣውንም ማገር ጉብጠቱን ወደ ላይ አዙረኸዋል፣ በራሱ ክብደት እንዲቃና። የኔን አጥር መቼም ታውቀዋለህ። ቋሚው አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፤ ማገሩ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ተንጠልጥሎ፣ የጎረቤት ጥጃ ሁሉ እየተራመደው ይገባል።

እጅጉን ጠጋ ብዬ «መቼም ልጁን በደንብ አስተምረውታል» አልኩት፣ በሆዴ እየረገምኩት።

«እኔ?» አለኝ። «እሱ ነው እንጂ እኔን ያስተማረኝ። ሲመጣም ሙያውን ችሎ ነው የመጣው።»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የዛሬ አራት ዓመት «አባባ፣ ቋሚው ይቀራረብ፣ አለዚያ ማገሩ ይጎብጣል» ብለህ ስድስት ቋሚ ተከልክ። እኔ ደግሞ «እንጨት ፈጀህ!» ብዬ ጎረቤት እያየ ነቀልኩብህ። በሳምንቱ ከቤት ወጣህ።

ቤት ተመልሼ ለእናትህ «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል፤ ልጄ እኔን ንቆ ለሰው አጠረ» ብላት፣ «ልጥ የነከርክበትስ አንተ ነህ» አለችኝ።

በማግስቱ የራሴን አጥር ፈታሁት። እናትህ ማገሩን እየያዘችልኝ ቋሚውን አንተ እንዳልከው አቀራረብኩ፤ መቀመጫውንም ጠረብኩ። እንዳንተ አላማረም፣ ግን ጥጃው መጥቶ አፍጥጦ ተመለሰ። አሁን የቀረው የማዕዘኑ ቋሚ ነው። ከባድ የወይራ ግንድ ስለሆነ ሁለት ወንድ ይፈልጋል። ጎረቤታችን ቴዎድሮስ «ላግዝዎት» ብሎ መጥቶ ነበር። «ልጅ አለኝ» ብዬ መለስኩት። ጉድጓዱን ቆፍሬ ከብት እንዳይገባበት በድንጋይ ከድኜዋለሁ። እጅጉም ለሁለት ቀን ቢለቅህ አይሞትም!

የግሽ ዓባዩ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ከክፉ ይሰውሩህ። ትዳርህን ያቅናልህ፣ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። እጅህ ይባረክ፣ ልጄ። ይችን ያን ቀን ማለት ነበረብኝ።

አባትህ
ታከለ