የነጩ የሰሊጥ ኬክ ባለሙያ የወይዘሮ ዓይናዲስ አሥራተ ማርያም የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዓይናዲስ አሥራተ ማርያም ከአባታቸው ከመሪጌታ አሥራተ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጣሽ በመስከረም ወር 1965 ዓ.ም. በሰቆጣ ከተማ ዳርቻ ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያዋ ልጅ ይህን ታሪክ የጻፈችው ይታየሽ ናት፤ በሦስት ዓመት ትበልጣቸዋለች። ታናሽን አንቱ ማለት ለአፏ እንግዳ ቢሆንባትም የዛሬው ወግ ነውና ትላለች። ራሷን ግን አንቱ አትልም።

አባታቸው ሁለቱንም ሴቶች ልጆች ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ነበሩ። ይታየሽ ዳዊት የደገመችው በዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን ወይዘሮ ዓይናዲስ ገና በሰባት ዓመታቸው ተወጡት። መሪጌታ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታናሺቱን እያስነበቡ ሲያስመርቁ ታላቂቱ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ቅናቱ የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ደብቆ መጻፉ አይጠቅምም።

በ1977ቱ ክፉ ቀን ቤተሰቡ በእግር እስከ ወልድያ፣ ከዚያም በጭነት መኪና እስከ ደሴ ተሰደደ። ደሴ የሚኖሩት አክስታቸው ከሁለቱ አንዷን ብቻ ማሳደግ እንደሚችሉ ተናግረው እጃቸውን በወይዘሮ ዓይናዲስ ራስ ላይ አሳረፉ። ዝናቡ ሲመለስ ይታየሽ ከወላጆቿ ጋር ወደ ሰቆጣ ተመለሰች። ወይዘሮ ዓይናዲስ እዚያው ደሴ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው በ1985 ዓ.ም. በአንድ ኬክ ቤት በዕቃ አጣቢነት ተቀጠሩ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከዋናው ጋጋሪ ጎን ቆሙ። ይታየሽም ሰቆጣ ላይ ዳቦ ቤት ከፍታ ነበር። ለሠርግና ለማኅበር ድፎዋን ሳያዝ የሚደግስ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ማንም አይክድም።

ወይዘሮ ዓይናዲስ በ1989 ዓ.ም. ከአቶ ብዙነህ ጋር በተክሊል ተጋቡ። አቶ ብዙነህ የአበርገሌ ተወላጅ ሲሆኑ ከኒሯቅ ገበያ ሰሊጥ እየጫኑ ደሴ የሚያደርሱ ነጋዴ ነበሩ፤ የተዋወቁትም ለኬክ ቤቱ ሰሊጥ ሲያስረክቡ ነው። ወንድ ልጃቸውን ዓለምነህንና ሴት ልጃቸውን መስታወትን ወለዱ። በ1998 ዓ.ም. ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው ከይታየሽ ዳቦ ቤት ከሃያ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ኬክ ቤት ከፈቱ። ከተማው ሰፊ ነው። ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል እዚያ መክፈታቸው ይታየሽን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። እሳቸው ግን እህቴ አጠገብ ልሁን ብለው እንደነበር አቶ ብዙነህ ይመሰክራሉ።

የሰሊጥ ኬካቸውን ሰቆጣ ሁሉ ያውቀዋል። ሰሊጥ ዘይቱ ሊጥ ያከብዳል፤ ኬክ ውስጥ ሲገባ ይዞት ይሰምጣል። ወይዘሮ ዓይናዲስ ሰሊጡን እሳት አሳይተው ሽታው ብቅ ሲል ያወርዱታል። ከዚያ እፍኝ ዱቄት ጨምረውበት ይወቅጡታል፤ ዱቄቱ ዘይቱን ይጠጣዋል። የእንቁላሉን ነጭ ለብቻው ሳህኑ ቢገለበጥ እንኳ እስከማይፈስ ድረስ ይመቱታል፤ የተነፋውን ሰሊጥ በእጃቸው ከሥር ወደ ላይ እያነሡ ያዋሕዱታል። ላዩን ክሬም ይቀቡታል፤ ከቆላ የመጣ ማንጎና ፓፓያ፣ በክረምት ደግሞ እሾሁ የተራገፈ በለስ በስሱ ቆርጠው ይደረድሩበታል። አፍ ውስጥ ሲገባ ክብደት አልነበረውም።

ይታየሽ ይህን ኬክ ተደብቃ ሦስት ጊዜ ሞክራለች። ሰሊጡን አጥቁራ ቆላችው፣ ለብቻው ፈጨችው፣ ሦስቱንም ጊዜ እንደ ጡብ ከብዶ ወጣ። እህቷን አንድ ቀን ብትጠይቅ ኖሮ ሳይሰስቱ ያሳዩዋት ነበር። መጠየቁ ግን ሞት መስሎ ታያት።

ወይዘሮ ዓይናዲስ ከሁሉ በላይ የተመሰገኑት በጾም ኬካቸው ነበር። ከዓመቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጾም በሆነበት አገር ክርስትናና ማኅበር ጾም ሳይሉ ይመጣሉና ለዚህ የሚሆን ኬክ በራሳቸው መላ አወጡ። ሊጡን በእንቁላል ፋንታ በአምቦ ውሃና በቤኪንግ ፓውደር ያነሡታል። ክሬሙን ደግሞ ከተላጠና ውሃ ውስጥ ካደረ ሰሊጥ ይሠሩታል፤ ፈጭተው ያጠሉታል፣ በበቆሎ ስታርችና በስኳር ያበስሉታል፣ ሲቀዘቅዝ ይመቱታል። ከወተት ክሬም የሚለይ ዓይን አልነበረም። የጾሙ ድስት፣ መምቻና ቢላዋ እጀታቸው ላይ ነጭ ክር ታስሮባቸው በተለየ መደርደሪያ ይቀመጡ ነበር፤ የፍስክ እጅ እንዳይነካቸው መስታወትን እንኳ ይቆጡ ነበር።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም የይታየሽ ልጅ የይመኙሻል ወንድ ልጅ አርባ ቀኑ ሞላ። ይታየሽ ለልጅ ልጇ ክርስትና ሦስት ድፎ ጋግራ ጠበቀች። ይመኙሻል ግን እናቷን ሳታማክር ለአክስቷ የጾም ኬክ አዛ ኖሯል። ኬኩ መጣ፤ እንደ ጋቢ ነጭ፣ ላዩ ላይ በለስ የተደረደረበት። ካህናቱ ድፎውን ባረኩ፣ ተቆረሰ፣ ሰው አንድ አንድ ጉርሻ አለና ዓይኑን ወደ ኬኩ አዞረ። ከዚያ ምስጋናው ወረደ፤ እጅሽን ይባርከው የተባሉት ወይዘሮ ዓይናዲስ ናቸው። ይታየሽ በገዛ የልጅ ልጇ ድግስ ላይ ቁራሹን ድፎ ታቅፋ ቀረች። አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ዞር ብላ እንዲህ አለች፦

«የእንቁላል ነጭ ባይገባበት እንዲህ አይነጣም። እኔ ጋጋሪ ነኝ፤ አይጠፋኝም።»

ነገሩ ከተማውን ለማዳረስ ሳምንት አልፈጀበትም። የበላው ሁሉ ጾሜን ገደፍኩ ብሎ ወደ ነፍስ አባቱ ሮጠ፤ ስንቱ ስግደት ተቀበለ። የእህትማማቾቹ ነፍስ አባት መምሬ ኪዳኑ ወይዘሮ ዓይናዲስን ጠርተው ሲጠይቋቸው እንቁላል እንዳላስገቡ በእርጋታ ተናገሩ። መምሬ አመኗቸው፤ ሰው ግን አላመናቸውም። የገዛ እህቷ፣ ያውም ጋጋሪዋ የመሰከረችባት፣ ይባል ነበር። በጾም የሚያዛቸው ጠፋ። በመጨረሻ ነጭ ክር ያለባቸውን ዕቃዎች አጥበው ለሴቶች ማኅበር ሰጡ፤ ከዚያ ወዲህ የጾም ኬክ አልሠሩም። በየጾሙ ኬክ ቤታቸው ተዘግቶ ይከርም ነበር። ድግሱም ወደ ይታየሽ ድፎ ተመለሰ። ደስ አላት ማለት ያሳፍራል፤ ግን ደስ አላት።

ወይዘሮ ዓይናዲስ በዚህ ነገር እህታቸውን አንድም ቀን አልተናገሯትም። ለበዓል ከፍስኩ ኬክ ቆርሰው ይልኩላት ነበር፤ ይታየሽም እየቀናች ትበላው ነበር። በጦርነቱ ዓመታት ከተማው ሲጨነቅ ያላቸውን ዱቄት ለሁለት ከፍለው ግማሹን በይታየሽ ደጃፍ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው ደሴና ሰቆጣ እየተመላለሱ ሲታከሙ ቆዩ። ባለፈው ጥቅምት አልጋ ላይ ዋሉ። ልጃቸው መምህር ዓለምነህ ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ የሕይወት ታሪካቸውን እሱ እንደሚጽፈው ቤተሰቡ ሁሉ አስቦ ነበር። እሳቸው ግን ልጆቻቸውን ከክፍሉ አስወጥተው ይታየሽን አስጠሯት።

«እትዬ፣ ታሪኬን አንቺ ጻፊው» አሉ። «እነሱ የማያውቁትን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይታየሽ ይቅር በዪኝ ልትል አፏን ከፍታ፣ መልሳ ዘግታ፣ ትራሳቸውን አስተካክላ ወጣች። ለቀናት ስትመላለስ ስታስታምም ይህን ቃል አላወጣችውም። ወይዘሮ ዓይናዲስ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን አቶ ብዙነህን፣ ልጆቻቸውን ዓለምነህንና መስታወትን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን እንዲሁም እህታቸውን ይታየሽን በሐዘን ትተው ሄደዋል። ከጽጽቃ፣ ከኒሯቅና ከሰቆጣ ዙሪያ ደክማችሁ የመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሕዝቡ ብዙ ነው። ይታየሽ ይህን ስትጽፍ እንኳ ለእኔስ ይህን ያህል ሰው ይወጣልኝ ይሆን ብላለች፤ እንዲህ ያለች ሴት ናት።

አሁን የታዘዘችውን ትጽፋለች። በ2010ሩ ክርስትና በቀረበው ኬክ ውስጥ እንቁላል አልነበረም። ይታየሽ አፏን ስትከፍት እንደሌለ ታውቅ ነበር፤ ክሩ የታሰረባቸውን ዕቃዎች በዓይኗ አይታለች። የበላችሁ ሁሉ ጾማችሁን አልገደፋችሁም። የሰገዳችሁት ስግደት የእሷ ነበር፤ መምሬ ኪዳኑ ዛሬ እዚሁ በእናንተ ፊት ቀኖናዋን ይስጧት።

አምላከ ቅዱሳን የወይዘሮ ዓይናዲስን ነፍስ ከንጹሓን ጋር ይደምርልን። ንጹሕ እንደነበሩ የምትመሰክረው ይታየሽ ናት። አሜን።