በጸጥተኛው ወደብ ስለሰጠመው ጡረታችን

ለተከበሩ አቶ ጁልያን ታክሬይ
የሆልበሪ የግል ጡረታ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ለንደን

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለእንቅልፍዎ መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ለእርስዎ በመንገር ልጀምር። የባለቤቴን ጡረታ «ጸጥተኛው ወደብ» ወደተባለው የኢንቨስትመንት ቅርጫትዎ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እሱ ባለበት ይሁን ነበር ያለው።

ስሜ ዶሪን ሃስላም ይባላል፤ የምኖረው የዓሣ አጥማጆች ወደብ በሆነችው ፍሊትዉድ ነው። ባለቤቴ ኔቪል መጀመሪያ በዓሣ አጥማጅ መርከብ፣ መርከቦቹ ሲያልቁ ደግሞ ወደቡ ላይ ባለው የበረዶ ፋብሪካ ሠርቶ፣ ከደመወዙ በየወሩ እየቆረጠ ለእርስዎ ሲልክ ኖሮ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ገንዘቡም እንዳለ ወደ ስሜ ዞሯል። እኔ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት እሠራለሁ። ትምህርቴን በአሥራ ስድስት ዓመቴ ብተውም ማንበብ አልተውኩም፤ የድርጅትዎን የ2022 ሪፖርት እንኳ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ያመለጠኝ ቀልድ እንዳለ ለማየት ነበር። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ስለ ፎቶግራፉ አመሰግናለሁ። በዓመቱ መግለጫ ሽፋን ላይ ፀጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት በባዶ እግራቸው በባሕር ዳር እየሳቁ ይሄዳሉ። በእኛ ባሕር ዳር በጥር ወር በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው የሚጓዘው በአምቡላንስ ነው። ገጹን ስገልጥ ግን ከገንዘባችን ሦስት እጅ አንዱ እጅ እንደሌለ አየሁ፤ ሰዎቹ ለምን እንደሚስቁም ያኔ ገባኝ፤ የእነሱ ገንዘብ ሌላ ቦታ ነው።

፪. ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ሰው ለጡረታ ሲቃረብ ገንዘቡን ከኩባንያዎች አክሲዮን አውጥታችሁ ወደ መንግሥት የብድር ሰነድ እንደምታዛውሩ፣ ሰነዱም ለሽማግሌ ልብ የሚስማማ፣ የማይናወጥ ነገር መሆኑን የሚገልጽ መጽሔት ልካችሁልን ነበር። ኔቪል ያን ጊዜ ሳንባው ታሞ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያድረው። «ዶሪን፣ ባለበት ይሁን በያቸው» አለኝ። «ባሕሩ ወጣ ወረደ ተብሎ ጀልባ አይሸጥም።» ስልኩን ደወልን፤ ስሙንና የልደት ቀኑን ነግሯቸው ትንፋሽ አጠረውና «ቀሪውን ሚስቴ ትንገራችሁ» ብሎ ሰጠኝ። እኔም ስልኩን ይዤ ወደ መተላለፊያው ወጣሁና፣ በሹክሹክታ፣ ወደማይናወጠው ወደብ ውሰዱልን አልኩ።

ስመለስ «ባለበት ይሁን አልሻቸው?» አለኝ።

«አልኳቸው» አልኩት።

ይህን አምኖ ሞተ። ከዚያ ያ 2022 መጣ፤ ወለድ ተወነጨፈ፣ በመከርም የመንግሥት ሰነድ ዋጋው እንደ ድንጋይ ወረደ። አክሲዮኑም ወርዷል፣ ግን እንደ ወደቡ አይደለም። ጎረቤቴ ቤሪል እንደ እኔ የእርስዎ ደንበኛ ናት፤ አሥር ዓመት ሙሉ ገንዘቧን አክሲዮን ላይ እንደተወችው ነው፤ ምክንያቷንም ስጠይቃት ሳትደብቅ ነገረችኝ።

«ኧረ እኔ ፖስታቸውን ከፍቼም አላውቅ! በበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ የምደፍነው በእሱ ነው።»

«ታዲያ ምን ያህል ወረደብሽ?»

«በስልክ ስጠይቅ ትንሽ ነው አሉኝ። አንቺ ሴትዮ፣ ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ?»

ክቡርነትዎ እንደሚረዱልኝ፣ በድርጅትዎ መጽሔት ቃል በቃል የተመራ ሰው ተጎድቶ፣ መጽሔቱን የነፋስ መከላከያ ያደረገው ሰው ሲድን ማየት ለአንባቢ ሰው ቀላል አይደለም።

፫. ስለ ሙዚቃው አመሰግናለሁ። ስልክ ደውዬ ተራዬን ስጠብቅ ሰምቼው ስለማላውቀው ዋሽንት ያለኝን እውቀት አስፍታችሁልኛል። በመጨረሻ ያነሳችው ሴት ትሑት ነበረች፤ የምትለውን ከወረቀት የምታነብ ይመስለኛል።

«መልካም ዜና አለ፣ እመቤት ሃስላም። የጡረታ ገንዘብዎን ሰጥተው የሚገዙት የዕድሜ ልክ ወርኃዊ ክፍያ ዋጋው ረክሷል። የቀረው ገንዘብዎ ድሮ የሚገዛውን ያህል ክፍያ ሊገዛልዎ ይችላል።»

«ልግዛ ብያችሁ አውቃለሁ እንዴ የኔ ልጅ?»

«ቅርጫቱ የተሠራው እኮ ክፍያውን ለሚገዙ ሰዎች ነው።»

«የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«መጽሔቱ ላይ አለ፤ ከኋላ በኩል፣ በትንሹ ጽሑፍ።»

«የአንቺስ ጡረታ የት ነው ያለው?»

«ይህ ጥሪ እየተቀዳ ነው፣ እመቤቴ።»

እኔ የዕድሜ ልክ ክፍያ ገዝቼ ስሞት አብሮኝ እንዲቀበር አልፈልግም ነበር። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ የአውራ ጣቶቼ መገጣጠሚያ አልቋል፣ የድንች ድስት ማንሳት አቅቶኛል፤ እና በፋሲካ ሥራ ትቼ የመንግሥት ጡረታዬ እስኪጀምር ድረስ ከኔቪል ገንዘብ በጥቂት በጥቂቱ ለማውጣት ነበር። አሁን ካወጣሁ በወረደው ዋጋ ሸጬ ጉዳቱን የራሴ ላደርገው ነው። ካላወጣሁ ደግሞ ድስቱ ይጠብቀኛል። የወጥ ቤቱ ኃላፊ በቦታዬ ሰው መቅጠር ስላለባት እስከ ዓርብ ቁርጡን እንድነግራት ጠይቃኛለች። ይህን የምጽፍልዎ ሐሙስ ነው።

፬. ስለ አገልግሎት ክፍያዎ ጽናት አመሰግናለሁ። በዚያ ማዕበል ውስጥ ያልተናወጠ ነገር ስፈልግ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።

አምስተኛው ቁጥር እርስዎን አይመለከትም፤ ስለዚህ ቁጥር አልሰጠሁትም። በገና ምሳ ላይ ልጄ ሄዘር መግለጫውን ምድጃው ላይ አይታ አነበበችው።

«አባዬ እኮ ሠላሳ ዓመት ማዕበል ፈርቶ አያውቅም» አለች ለባሏ። «አንድ ቀን ፈራ፤ እሱንም በእማዬ ጡረታ ላይ!»

ባሏ «አይ ጀግናው ካፒቴን!» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «እውነቴን ነው። መቃብሩ ላይ ምን እንደምለው አላውቅም» አለች።

እኔ ድንቹን አሳለፍኩላቸው።

ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ ያ የድንች ሳህን ይከብደኛል። ሰነዱ እንደሚወርድ እርስዎም አላወቁ ይሆናል፤ እኔ ግን ልጆቹ ኔቪልን ፈራ ሲሉት ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ልመናዎች አሉኝ። የመጀመሪያው፣ ጥሪ ሁሉ ይቀዳል ካላችሁ የዚያን ቀኑን ላኩልኝ፤ የልደት ቀኑን ሲናገርና ሲያስል፣ ቀጥሎም እኔ ስንሾካሾክ ይሰማበታል። ሁለተኛው፣ ከገንዘቡ ምንም አትሽጡ። ባለበት ይሁን። ኔቪል እንድላችሁ የነገረኝን ቃል ዘግይቼ ማድረሴ ነው፤ እርግጥ አሁን ያለበት ቦታ እሱ የተወው ቦታ አይደለም፣ እኔ ያስገባሁት ነው። ለወጥ ቤቱ ኃላፊም ነገ ጠዋት በፋሲካ ሥራ እንደማልተው እነግራታለሁ። በሁለት እጅ ማንሳት ያቃተኝ ድስት በክንድም ይነሳል።

ለድርጅትዎ ዘላቂ ጸጥታን፣ ለእርስዎም ጡረታ ሲወጡ ያንኑ ለእኛ የመረጡልንን ወደብ ከልብ እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮት፣

ዶሪን ሃስላም
የኔቪል ሃስላም ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስ ለመጻፍ እንዳይቸገሩ አደራ፤ በሩ ሥር የሚገባ ነፋስ በእኔም ቤት አለና፣ የሚልኩት ፖስታ ሥራ አያጣም። ይህን ደብዳቤ አንዱን ለእርስዎ፣ አንዱን ለከተማችን ጋዜጣ፣ አንዱን ደግሞ ለቤሪል እሰጣለሁ፤ እሷ እንኳ ከፍታ እንድታነበው ፖስታ ውስጥ አልከተውም። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ካፖርቴን ለብሼ፣ እነዚህን ገጾች በእጄ ይዤ፣ ለልጄ ለሄዘር አደርሳለሁ።