ማትቬይ የበረረበት ክረምት

ይድረስ ለወንድሜ ለፕሮኮር፤ ጦር ሜዳ ባለው አውሮፕላን ማረፊያህ ጤናህ እንደምን ነው? እኛ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ ድንቹም እስከ መጋቢት ያደርሰናል።

የማትቬይ መርዶ ባለፈው ሳምንት መጣ። ያበረው የነበረው አውሮፕላን መካኒክ አንተ ነህና ከእኛ ቀድመህ ሰምተሃል። ሦስት ገጽ ደብዳቤ ስትጽፍልን ግን ስሙን አንዴም አላነሳህም። አብሮት በርሮ ከአደጋው የተረፈው ተኳሽ ለማትቬይ ሚስት ለኡስቲኒያ እንደነገራት፣ ፕሮፔለሩ ላይ በረዶ ጋገረ፤ በረዶውን የሚያቀልጠውን አልኮል ሊለቁ ሲሉ ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ አውሮፕላኑም ወደቀ።

ትናንት እኛ ቤት መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

«ፕሮኮር በፈቃድ መጥቶ በቆርቆሮ ጣሳ ሙሉ አምጥቶ ያጠጣን አረቄ ከየት የመጣ ነው?»

«ከገበያ ገዝቶ ነው» አልኳት።

«በዚህ ጦርነት? የቱ ገበያ ነው እሱ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ደግሞ አንቺም ጠጥተሻል።»

ልትመታኝ እጇን አነሳች። ከዚያ በዚያው እጇ አፏን ደጋግማ ጠርጋ ወጣች።

እናታችን ሁሉንም ከምድጃው አጠገብ ሆና ሰምታለች። ከትናንት ጀምሮ ስለ አንተ አትጠይቀኝም። ስለዚህ የምትመልሰውን በእኔ ስም ላከው፣ ለእሷ አላነብላትም። ሌላ ጊዜ ምርቃት አበዛልህ ነበር፤ ዛሬ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ። ደህና ሁን።

እህትህ ግላፊራ